በሩን በምን ምክንያት ከፈትነው?

ስለ ግብረ ገብ፣ ስለ ዘርና ስለ ጾታ በአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የውይይት ኮሚቴው ስለ ስፖርት እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቼ ሣቁ። ከሜዳው ይልቅ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ የማልጠፋ መሆኔን ያውቃሉና፤ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ስለ ኳስ ምን ይላል ቢሉ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ኳሱ እንዴት እንደሚመታ አይደለም። ወደ ሜዳው ማን እንደሚገባ፣ ማን ከበር እንደሚመለስ፣ ይህንንም የሚወስኑ ሰዎች በምን ሚዛን እንደሚመዝኑ ለመናገር ነው። ይህ ደግሞ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከአሜሪካ ኮሌጆች ነው። በዚያ አገር የኮሌጅ ስፖርት ከትምህርት በኋላ የሚደረግ መዝናኛ ብቻ አይደለም። በአንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ስታዲዮም መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ይቀመጣል፤ ለቴሌቪዥን የሚከፈለው ገንዘብም ብዙ ነው። ጥሩ ተጫዋች የሆነ የድኻ ልጅ በኳስ ችሎታው ነጻ ትምህርት ያገኛል። ስለዚህ የሜዳው በር ለብዙዎች የትምህርት ቤቱም በር ነው። በዚህ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ፍርደ ገምድል ከሆነ ጉዳቱ ከጨዋታ ያልፋል።

አሁን ወደ አንድ ታሪክ ልውሰዳችሁ። ዘመኑ 1940 ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ወደ ሚዙሪ ሄዶ ለመጫወት ቀጠሮ ነበረው። በቡድኑ ውስጥ ሌናርድ ቤትስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች ነበር። ሚዙሪ ከጥቁር ጋር አንጫወትም የሚል ልማድ ነበረው፤ በዚያን ጊዜም በሰሜንና በደቡብ ኮሌጆች መካከል «የጨዋ ሰዎች ስምምነት» የሚባል ያልተጻፈ ውል ነበር። በዚህ ውል መሠረት የሰሜኑ ኮሌጅ ጥቁሩን ተጫዋች እቤቱ ትቶ ይመጣል። የኒው ዮርኩም ዩኒቨርሲቲ ቤትስን ላለመውሰድ ተስማማ።

ተማሪዎቹ ግን ዝም አላሉም። «ቤትስ መጫወት አለበት» እያሉ ወረቀት አዞሩ፤ በመቶዎችና በሺህ የሚቈጠሩ ሆነው በአስተዳደሩ ሕንፃ ፊት ተሰለፉ። ቡድኑ ያለ ቤትስ ሄደ። ተማሪዎቹ ንቅናቄውን ስላላቋረጡ በ1941 ከመሪዎቹ ሰባቱ ለጊዜው ከትምህርት ታገዱ።

እስቲ በዚህ ነገር ላይ ቆም ብለን እንፍረድ። የዩኒቨርሲቲው ሹማምንት ክፉ ሰዎች ነበሩ ማለት አያስፈልገኝም። ምናልባት እንዲህ ብለው አስበዋል፦ ጨዋታው ቢሰረዝ ቡድኑ በሙሉ ያዝናል፤ ውል ይፈርሳል፤ ገንዘብ ይጠፋል፤ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ወዳጅነት ይበላሻል። አንድ ሰው አንድ ቅዳሜ እቤቱ ቢውል ግን የሚጎዳው እርሱ ብቻ ነው። የብዙዎች ደስታ ከአንዱ ኀዘን ይበልጣል። ይህ አነጋገር ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ቤንታም ካስተማረው ትምህርት፣ ማለት ጥሩ ሥራ ለብዙ ሰው ብዙ ደስታ የሚያመጣ ነው ከሚለው፣ በችኮላ የተቀዳ ነው። ይህን የጥቅም ሚዛን ልበለው።

ሁለተኛው ሚዛን የካንት ነው። ካንት ሰውን ሁሉ ራሱን የቻለ ዓላማ አድርገህ ያዘው እንጂ የሌላ ዓላማ መሣሪያ ብቻ አታድርገው ይላል። በዚህ ሚዛን የቤትስ ጉዳይ ብዙ ሒሳብ አይጠይቅም። ጓደኛህን ለጨዋታ ውል ብለህ እቤቱ ትተኸው ከሄድክ ሰውነቱን ሽጠኸዋል፤ ዋጋው ማነሱና መብዛቱ ነገሩን አይለውጠውም። የታገዱት ሰባቱ ተማሪዎች የካንትን መጽሐፍ አንብበው እንደሆነ አይታወቅም፤ ፍርዳቸው ግን ይህን ይመስላል።

ሦስተኛው ሚዛን የአሪስቶትል ነው። ይህ ፈላስፋ ዋሽንት ሲታደል የተሻለው ዋሽንት ለማን ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። ለባለጸጋው አይደለም፤ ከትልቅ ቤት ለተወለደውም አይደለም፤ ለመልከ መልካሙም አይደለም። ዋሽንት የተሠራው ሊነፋ ነውና በደንብ ለሚነፋው ይሰጥ አለ። ይህን የሙያ ሚዛን እንበለው። ኳስ የሚሰጠው በደንብ ለሚጫወተው ከሆነ የቆዳ ቀለም በዚህ መካከል ምን አገባው?

እነዚህን ሦስት ሚዛኖች ይዘን ወደ ፊት እንሂድ። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በር መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ በምን ምክንያት እንደተከፈተ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለጥቅም የተከፈተ በር ጥቅሙ ሲያልቅ ይዘጋልና።

በ1963 በሚሲሲፒ የሆነውን ተመልከቱ። የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነጮች ብቻ ያሉበት፣ ሊጉን ደጋግሞ ያሸነፈ ጠንካራ ቡድን ነበር። ሆኖም ለብሔራዊው ውድድር ሲጋበዝ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቷል፤ ምክንያቱም በውድድሩ ጥቁር ተጫዋቾች ስለሚገኙ ያ ያልተጻፈ ሕግ ይከለክለው ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በር ዘጊው ራሱ በዘጋው በር ታሰረ። በዚያ ዓመት ግን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚደንት ዲን ኮልቫርድ ቡድኑ ይሂድ ብለው ወሰኑ። ዳኛ የእግድ ትእዛዝ አወጣ። የእግዱ ወረቀት እንዳይደርሳቸው ፕሬዚደንቱና አሠልጣኙ ቤብ ማካርቲ ከክፍለ ግዛቱ ቀደም ብለው ወጡ፤ ተጫዋቾቹም በዘዴ ወጡ። ሚሺጋን ደርሰው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተሰላፊዎቹ አራቱ ጥቁሮች ከሆኑት ከሎዮላ ቡድን ጋር ተጫወቱ። ከጨዋታው በፊት የሁለቱ ቡድኖች አምበሎች ጄሪ ሃርክነስና ጆ ዳን ጎልድ ተጨባበጡ፤ የፎቶግራፍ አንሺዎቹ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። ሎዮላ 61 ለ51 አሸነፈ፤ በመጨረሻም ዋንጫውን ወሰደ። የሚሲሲፒ ልጆች ጨዋታውን ተሸነፉ፤ ሰው ሆነው ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1966፣ የቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ አምስት ጥቁር ተጫዋቾች አሰልፎ ነጮች ብቻ የነበሩበትን ስመ ጥሩውን የኬንታኪን ቡድን 72 ለ65 አሸነፈ። ይህ ጨዋታ በብዙ መጽሐፍ ተመስግኗል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። አሪስቶትል በዚያ ምሽት ቢኖር ዋሽንቱ ለባለሙያው ደረሰ ይል ነበር። ከዚያም ወዲህ በሚቀጥሉት ዓመታት የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ በአንድ ጥቁር ተጫዋቾችን መፈለግ ጀመሩ።

ነገር ግን ጓደኞቼ፤ ለምን መፈለግ ጀመሩ? ሰው ሰው ነው ብለው ያመኑ አልጠፉም። ብዙዎቹ ግን መሸነፍ ስለ ሰለቻቸው ነበር። የጥቅሙ ሒሳብ ተገለበጠ፤ ትናንት ጥቁሩን መተው ያዋጣ ነበር፤ ዛሬ መውሰዱ አዋጣ። ሚዛኑ ግን ያው የድሮው ሚዛን ነው።

ውጤቱን ለማየት ረጅም ጊዜ አልፈጀም። ያ የቴክሳስ ዌስተርን ኮሌጅ በኤል ፓሶ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ስሙን ከለወጠ በኋላ፣ በ1968፣ ስፖርትስ ኢለስትሬትድ የተባለው መጽሔት በተከታታይ ባወጣው ጽሑፍ እዚያ ያሉት ጥቁር ተጫዋቾች ከሜዳ ውጭ እንዴት እንደሚያዙ ያቀረቡትን ቅሬታ ገለጸ። በዚያው ዓመት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ዘላይ ቦብ ቢሞንና ጓደኞቹ ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንወዳደርም በማለታቸው ከቡድኑ ታገዱ። ያን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጊዜ ለጥቁሮች ክህነት አይሰጥም ነበርና፤ ይህ ሥርዓት የተለወጠው በ1978 ነው። የታገደው ቢሞን ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት በሜክሲኮው ኦሊምፒክ፣ 8 ሜትር ከ90 ዘለለ። ዓለም ተደነቀ። ኮሌጁ ግን እግሩን ፈልጎ አፉን አልፈለገውም ነበር።

በ1969 ደግሞ በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ዐሥራ አራት ጥቁር ተጫዋቾች በዚሁ ጉዳይ በክንዳቸው ጥቁር ጨርቅ አስረው ለመጫወት እንዲፈቀድላቸው አሠልጣኙን ሊጠይቁ ሄዱ። አላመፁም፤ ሊጠይቁ ነው የሄዱት። አሠልጣኙ ሁሉንም ከቡድኑ አባረራቸው። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቃቸው በ2019፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

በብቸኝነት ያለፈውንም ሰው አንርሳ። ፔሪ ዋላስ ከ1967 ጀምሮ ለቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት በደቡብ ምሥራቅ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። በሌሎች ከተሞች ሜዳ ተሰድቧል፤ ዝቶበታል ሕዝቡ። ትምህርቱን ሲጨርስ ለጋዜጣ በሰጠው ቃል ግን የበለጠ የከበደው የገዛ ግቢው ዝምታ እንደ ነበር ገለጸ፤ ኳስ ችሎታውን እያከበሩ እርሱን እንደ ሰው ሳይቀበሉት አራት ዓመት አለፈ። በኋላ የሕግ ፕሮፌሰር ሆነ። በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ ውስጥ ገብቶ ግን የሚቀመጥበት ወንበር አላገኘም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እዚህ ላይ ሲታሰብ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ። እዚህ ላይ የጥቅም ሚዛን ደካማነት ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። ጥቁሩ ተጫዋች ዋንጫና ገንዘብ ያመጣል ተብሎ በሩ ተከፈተለት። ሴቷ ተማሪ ግን ገንዘብ አታመጣም ተባለች፤ ስለዚህ የጥቅም ሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሯ ዛሬም እንደ ተዘጋ ነበር። በሩን የከፈተው ሒሳብ ሳይሆን ሕግ ነው። በሰኔ 1972 የወጣውና «ታይትል ናይን» እየተባለ የሚጠራው ሕግ፣ የመንግሥት ገንዘብ በሚቀበል ትምህርት ቤት ማንም ሰው በጾታው ምክንያት ከትምህርት ተካፋይነት እንዳይከለከል ይደነግጋል። ስፖርት የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ይህን ሕግ ለማውጣት ከደከሙት መካከል የምክር ቤት አባላቱ ፓትሲ ሚንክ፣ ኢዲት ግሪንና በርች ባይ ይገኛሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ የሚያስገቡ ስፖርቶች ከዚህ ሕግ ነጻ ይሁኑ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ።

ሕግ ወጣ ማለት ግን ሥራ አለቀ ማለት አይደለም። በ1976 የየል ዩኒቨርሲቲ ሴት ጀልባ ቀዛፊዎች ከልምምድ በኋላ የሚታጠቡበት ቦታ አልነበራቸውም። በብርድ ከውሃው ወጥተው፣ ልብሳቸው እንደ ረጠበ፣ ወንዶቹ በሞቀ ውሃ ታጥበው እስኪመጡ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ሆነው በክሪስ ኧርንስት መሪነት ወደ ስፖርት ክፍሉ ቢሮ ገቡ፤ ልብሳቸውን አወለቁ፤ በጀርባቸው ላይ የሕጉ ስም ተጽፎ ነበር። የብሶታቸውን ቃል አነበቡ። ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ የመታጠቢያው ቤትም ተሠራ። እንደዚህ ያለ ሥራ ነውር ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ነውሩ የማን ነው? የተራቆቱት ሴቶች ወይስ ለሳንባ ምች አሳልፎ የሰጣቸው ደንብ?

ከዚያም ሌላ ክርክር ተነሣ። በ1991 ብራውን ዩኒቨርሲቲ ወጪ ለመቀነስ ሲል ከሁለት የሴቶችና ከሁለት የወንዶች ቡድኖች ድጋፉን አነሣ። ሴቶቹ ከሰሱ። ዩኒቨርሲቲው ሴቶች ለስፖርት ያላቸው ፍላጎት ከወንዶች ያነሰ ነው ብሎ ተከራከረ። ይህ የሙያ ሚዛን መስሎ የቀረበ ክርክር ነው፤ ዋሽንት ለማይፈልግ ለምን ይሰጠዋል ማለት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1996 ክርክሩን አልተቀበለም፤ ፍላጎትና ችሎታ የሚያድጉት ዕድል ሲገኝ ነው አለ። እውነቱ ይህ መሆኑን ቍጥር ይመሰክራል። በ1972 በኮሌጅ ቡድን የሚጫወቱ ሴቶች 30 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ300 ሺህ በታች የነበሩት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ዋሽንቱ ተሰጣቸው፤ ነፉት።

የጥቅም ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚልም ስለ ሴቶች መገዛት በ1869 ባሳተመው መጽሐፍ የሴት ተፈጥሮ የሚባለው ነገር በጭቆና የተሠራ ስለሆነ ሳትፈታት ምን እንደምትችል ልታውቅ አትችልም የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ስለዚህ ጥቅምን ሁሉ አልነቅፍም፤ የምነቅፈው የአንድ ቅዳሜን ጥቅም ብቻ የሚቈጥረውን ነው።

ሙሉውን እውነት ለመናገር፣ የሕጉ በረከት እኩል አልተዳረሰም። በ1972 የሴቶችን ቡድኖች ከሚያሠለጥኑት ከመቶ ዘጠናው ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዙ ሲያድግ ወንዶች መጡና ዛሬ የሴቶቹ ቍጥር ከግማሽ በታች ነው። ኮሌጆች ለሴቶች አዲስ የጨመሯቸው ስፖርቶችም፣ እንደ ጀልባ ቀዘፋ ያሉት፣ ብዙ ጊዜ በሀብታም ሰፈር የሚለመዱ ናቸው። ስለዚህ ጥቁር ሴት ተማሪዎች በአብዛኛው በቅርጫት ኳስና በሩጫ ብቻ ተወስነው ቀሩ። የዘር በርና የጾታ በር ሁለት በሮች ናቸው፤ ጥቁሯ ሴት ሁለቱንም ማንኳኳት አለባት።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡትም ቁም ነገር አለ። አንዳንድ ኮሌጆች ቍጥር ለማመጣጠን ብለው የወንዶችን የትግል ቡድን ዘግተዋል፤ ምንም ያላጠፋ ወጣት ቦታውን አጣ። ይህ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ልንንቀውም አይገባም። ነገር ግን ሕጉ የወንዶችን ቡድን ዝጉ አላለም። ለአንድ የፉትቦል ቡድን ብቻ ለብዙ ዓመታት እስከ 85 የሚደርስ ነጻ ትምህርት ሲፈቀድ፣ ታጋዩን ያስወጣችው ቀዛፊዋ ናት ማለት ትክክል አይመስለኝም። ጆን ሮልስ በ1971 ባወጣው መጽሐፍ አንድ መፈተኛ አቅርቧል። ወንድ ወይም ሴት፣ ጥቁር ወይም ነጭ፣ ባለጸጋ ወይም ድኻ ሆነህ እንደምትወለድ ሳታውቅ ደንቡን አውጣ ይላል። እንዲህ ሆኖ ደንብ የሚያወጣ ሰው እርጥብ ልብስ ለብሶ አውቶቡስ ውስጥ መጠበቅን ለማንም አይፈርድም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2021 በተደረገው የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ወንዶቹ በመሣሪያ የተሞላ አዳራሽ ሲያገኙ ለሴቶቹ ጥቂት የእጅ ክብደቶች ብቻ ቀርበው ነበር፤ አንዲት ተጫዋች በቪዲዮ ለዓለም ስታሳይ ነው የተስተካከለው። በሰኔ 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት አንድ ስምምነት አጸደቀ፤ በዚህ መሠረት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ለተጫዋቾቹ በቀጥታ ሊያካፍል ይችላል። ለዘመናት በጉልበታቸው ሌላው ሲከብር ለኖሩት፣ ብዙዎቹም ጥቁሮች ለሆኑት ተጫዋቾች ይህ ፍትሕ ነው። ወዲያው ግን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከገንዘቡ የበዛውን ክፍል ለወንዶች ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ መደቡ፤ ምክንያታቸውም ገንዘቡን ያመጡት እነርሱ ናቸው የሚል ነው። እነሆ የድሮው ሚዛን በአዲስ ገበያ ቆሟል። ለጥቁሩ ወጣት የሚገባውን ዋጋ ስንከፍል የሴቷን በር መልሰን እንዳንዘጋ ምን ዓይነት ክፍፍል ያስፈልጋል? ይህን ለውይይታችን እተወዋለሁ።

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው? የራሳችንን ሜዳ መጠየቅ ነው። የሜዳው ሰዓት ሲከፋፈል ሴቶቹ ተማሪዎች ተጠይቀዋልን? ቡድን ሲመረጥ ከሩቅ አገር የመጣውና አማርኛው የሚሰባበረው አዲስ ተማሪ ተጠርቷልን? ከተጠራስ የተጠራው ጎል ስለሚያገባ ብቻ ነው ወይስ ጓደኛችን ስለሆነ? ቢጎዳና ጎል ማግባት ቢያቅተው ሊጠይቀው የሚሄድ አለን?

ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ እነዚያን ያገዳቸውን ሰባት ተማሪዎች በ2001 ጠርቶ አከበራቸው። ስልሳ ዓመት አልፎ ነበር። ልብ በሉ፤ እነዚያ ልጆች በ1940 ያሸነፉት ነገር አልነበረም። ቡድኑ ሄደ፤ ቤትስ ቀረ፤ እነርሱም ታገዱ። በጥቅም ሚዛን ቢመዘን ድካማቸው ከንቱ ነበር። ዛሬ ግን በዚያ ቅዳሜ የተደረገውን ጨዋታ ውጤት የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ የእነርሱን ሥራ ግን እነሆ እኛ ከባሕር ማዶ ሆነን እናነሣለን።